ጋሽ ደቂቃ ያልጠየቀው ጥያቄ

ሰፈርተኛው ጋሽ ደቂቃ ይለዋል። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ እግር በማታስዘረጋ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰዓት ሠርቷል። ሰው የገዛ ሰዓቱ ሲሳሳት አያውቅም ብሎ በማሾፍ የሚስተካከለው የለም። ደግሞ እውነቱን ነው። ሰው ጠዋት ስልኩን አይቶ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ማታ እንደገና ወደ ኋላ መቅረቱን ማን ልብ ይላል? ጭራሽ ካልቆመ በቀር የሚያመጣለት የለም። ለመጣም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ታስረዋለህ ወይስ ታስቀምጠዋለህ?» ክንድ ላይ የዋለ ሰዓትና መሳቢያ ውስጥ የተኛ ሰዓት አካሄዳቸው አንድ አይደለማ!

የሚስቱን ሰዓት ግን የሚሞላው እሱ ነበር፤ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከራስጌ አንስቶ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ። ሲጋቡ የሰጣት ትንሽዬ ሰዓት ናት። አምና አንድ ቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታ አገኛት። በማግስቱም አራት። ደሙ ፈላ። ሱቅ ወስዶ፣ ማሰሪያዋን ፈትቶ ወደ ጎን ጣል አድርጎ፣ አጠባት፤ ዘይት ቀየረላት፤ ከዚያ በሌላ ማሰሪያ የራሱ ክንድ ላይ አስሮ ሁለት ቀን ፈተናት። ልክ ሄደች። ቤት ስትመለስ ያው አራት ደቂቃ። «እኔን ልታዋርደኝ ነው?» እያለ እልህ ተጋባ፤ ሦስት ጊዜ ፈታታት። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ትስቅበት ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ሐኪሙ፣ «በሽታው እኮ ቆይቷል፤ እንዴት ዝም አላችሁ?» አለው።

በማግስቱ ደስ እንዲላት ብሎ ሰዓቷን ሆስፒታል ይዞላት ሄደ። ሊያስርላት ማሰሪያውን ሲያነሳ፣ ከመጨረሻው ቀዳዳ በኋላ በመርፌ የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች አየ። በሦስተኛው ቢያስርላትም ሰዓቷ እስከ ክርኗ ተንሸራተተች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያላሰርሻት?» አላት።

«አራት ደቂቃ ቀረች ያልከኝ ጊዜ። እየወለቀች ስታስቸግረኝ፣ አንተ ሞልተሃት ስትወጣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣት ጀመር።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«እንዲህ ስከሳ ታየኛለህ ብዬ ጠበቅኩሃ» አለችው። ቁጣ የሚባል አልነበረባትም፤ እሱን የገደለውም ይኸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተች።

አሁን ጋሽ ደቂቃ ደንበኛ ሲመጣለት ሰዓቱን ከመቀበሉ በፊት የሰውየውን ክንድ ይዞ ያያል። «ጤናህ ግን ደህና ነው?» ይላል፤ መልሱን ሳይሰማም እጁን አይለቅም። ሰዎቹ ጃጀ ይሉታል።