ከሰባት ቁጥር የጎደለው አሥራ አራት ደቂቃ

ተማሪዎቹ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «እትዬ ደቂቃ» ነው የሚሏት። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን «ሦስት ሰዓት ገደማ» ብላ አልጻፈችም፤ ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ከሆነ ሦስት ከሁለት ነው። የሰው ፊት አይታ አታደላም። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በደረሰችበት ዓመት ባሏ ታምሞ ሲሞት፣ ልጅቱ ከትምህርት የቀረችባቸውን አሥራ ዘጠኝ ቀናት እንኳ በራሷ እጅ «ቀረች» ብላ ነው የመዘገበችው። ያለቀሰችው መዝገቡን ከዘጋች በኋላ ነው።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲመጣ ሥራዋ በየክፍሉ በር እየዞሩ የጥያቄው ፖስታ የተከፈተበትን ደቂቃ መመዝገብና ፈታኙን ማስፈረም ነበር። ለፈተናው የተፈቀደው ሦስት ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያች ደቂቃ ነው። ልጇ የምትፈተንበት ሰባት ቁጥር ክፍል እንዳትገባ ደንቡ ይከለክላታል፤ ሰዓት የሚመዘገበው ግን ከደጅ ስለሆነ እሱንም ራሷ ያዘችው።

በሒሳቡ ዕለት ሰባት ቁጥር ውስጥ ፖስታው ሲቀደድ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የሒሳብ ጥያቄ ወጣ። ተፈታኞቹ የተፈጥሮ ሳይንስ ናቸው። ወጣቱን ፈታኝ ላብ አጠመቀው። ትክክለኛው ተፈልጎ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ሆነ። እሷም እንደዚያው ጽፋ አስፈረመችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ተደወለ። የሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎች እየተንጫጩ ግቢውን ሞሉት። ፈታኙ «እርሳስ አስቀምጡ!» ሲል እትዬ ደቂቃ በሩ ላይ ደረሰች።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትሰበስብ። አሥራ አራት ደቂቃ ይቀራቸዋል።»

«እትዬ፣ ተደወለ እኮ!»

«ደወል ማንበብ አይችልም። አንተ ግን ፈርመሃል።»

ርእሰ መምህሩ ከኮሪደሩ ጫፍ እየተጣደፈ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ደጅ ያለው ሁሉ መልስ እያወራ ነው። አንድ ቃል በመስኮት ቢገባ የክፍሉ ውጤት በሙሉ ይሰረዛል!»

«መስኮቱን እንዘጋለን። ግቢውን እርስዎ ያስለቅቁልን።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅሽ እዚህ ውስጥ አይደለችም?»

ይህን እንደሚላት ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ፊቷ ጋለ። ዝም ብትል የአርባ ልጆች ልፋት አሥራ አራት ደቂቃ ይጎድለዋል። ብትናገር ደግሞ «ለልጇ ስትል ነው» የሚለው ወሬ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችውን ስም ያበላሽባታል።

«አለች፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ለሷ ብዬ አንዲት ደቂቃ ጨምሬ ከሆነ ይክሰሱኝ። ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ ግን የአርባ ልጅ ጊዜ አልቀማም።»

መዝገቡን ተቀብሎ ፊርማውን አየ፤ ሰዓቱን አየ። በረጅሙ ተነፈሰና ወደ ግቢው ዞረ።

«ከግቢ ውጡ! ሁላችሁም፣ አሁኑኑ!»

ፈታኙ መስኮቶቹን ተሯሩጦ ዘጋ። እሷ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አንድም ጊዜ ዞር አላለችም። ስድስት ሰዓት ከአሥራ አራት ሲሆን «አሁን ሰብስብ» አለች።

አንድ ቀጭን ተፈታኝ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። «እድገት ሰጥተንዎታል። ከዛሬ ጀምሮ እትዬ ሰዓት ነዎት!»

«ሂድ ወዲያ!»

ልጇ መጨረሻ ላይ ፊቷን አጨማዳ ወጣች።

«እማ፣ ባትጨምሪልን ይሻለኝ ነበር።»

«አልጨመርኩም። ምን ሆንሽ?»

«ጨርሼ ነበር። ጊዜ አለኝ ብዬ አንዱን መልስ አጥፍቼ ሌላ መረጥኩ። አሁን ልጆቹ ሲያወሩ ስሰማ፣ ለካ ልኩ ያጠፋሁት ነበር!»

እናት አፏን በመዝገቡ ሸፍና ሳቀች።

«እንግዲህ ደቂቃው ያንቺው ነው፤ እንዳሻሽ አደረግሽው። አሁን ነይ ምሳሽን ብዪ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ፊዚክስ አለብሽ።»