የተኳሿ ዘፈን

የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች ተኳሿ ይሏታል። የምትተኩሰው ጥይት ሳይሆን አንሶላ ስለሆነ፣ አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ስሟን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። እሷ ግን አትስቅም። ተፈጥሮዋ ተጸያፊ ነው፤ በልጅነቷ ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ አጥባ እንኳ አትጠጣበትም ነበር። አባቷ ሞቶ ቤቱ ሲጎድል ግን ዕጣዋ የማታውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ማገላበጥ ሆነ። ትውከቱ፣ ደሙ፣ ሽቶና ላብ የተደባለቀበት የትራስ ጨርቅ። የመጀመሪያ ሰሞን የቀመሰችው ምሳ ሆዷ ውስጥ አይረጋም ነበር።

ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ያገኘችው እዚያው ምድር ቤት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት የእንፋሎት ማሽኑ ተበላሽቶ ጸጥ ሲል፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚያጉረመርም ነገር ሰማች። ቧንቧ የፈነዳ መስሏት ሄዳ የጎረቤቱን መጋዘን ከፈተችው። ከተሰባበሩ አልጋዎች መሃል አራት ወጣቶች ይለማመዳሉ። ክፍሉ የሲጋራ፣ የረጠበ ፍራሽና የአይጥ ሽታ አንድ ላይ ይሸታል። አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ከበሮ የሚመታው የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ቀና ሳይል፣ «ወይ ግቢ ወይ ውጪ፤ በሩን ግን ዝጊው» አላት።

ገባች። ጊታሩ ሲጮህ አፍንጫዋን የያዘችበትን ሻሽ ለቀቀችው። ቀኑን ሙሉ ዋጥ አድርጋ የምትውለውን ነገር፣ ዘፋኙ በእሷ ፈንታ እየጮኸ የሚተፋላት መሰላት።

ከዚያ በኋላ በከተማው ሳትሰማው የቀረ ባንድ የለም። የትምህርት ቤት አዳራሽ ይሁን የጋራዥ ግቢ፣ ጊታር ተሰካ ከተባለ አለች። አክስቷ፣ «አንቺ ልጅ፣ እንደ ሰው ለስለስ ያለ ነገር አትሰሚም?» ስትላት፣ «ለስላሳውማ ስተኩሰው እውላለሁ» ትላለች። ስታገባም አንድ ሳጥን ካሴት ይዛ ገባች። ልብስ ሰፊው ባሏ ረጋ ያለ ሰው ነው። ካሴቱ ሲጮህ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ይሰፋል እንጂ አንድ ቀን ዝጊው ብሏት አያውቅም።

የመጋዘኑን ባንድ ዘፋኝ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ይሉታል። ገና መጋዘኑ ውስጥ በሚለማመዱበት ሰሞን፣ ከልምምድ ሲወጣ ጠርቷት፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ምን ይሸትሻል?» አላት። ሳታፍር ነገረችው። ከነገረችውም ዘፈን ሠራ፦ የሰውን እድፍ የምታጥብ ሴት፣ የእኔን ማን ያጥባል ብላ የምትጠይቅበት። ዘፈኑ ከተማውን አዳረሰ። ሕዝቡ አብሮ ሲጮህ እሷ ከኋላ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። የእኔ ነው ብላ ለማንም አላወራችም።

ዓመታት ሄዱ። ከበሮ መቺው ከሽቦ ጋር ተጣልቶ ከባንዱ ወጣ። ሽቦም ቦርጭ አውጥቶ ስሙን አሳፈረው። በዚህ መሃል ሆቴሉ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ተነሳ። ያን ጊዜ የምድር ቤቱ ብቸኛ መስኮት መኪና ማቆሚያ ይሠራል ተብሎ ተደፍኗል፤ በረኪናው ሴቶቹን እያሳለ፣ አንዷ ራሷን ስታ ወድቃለች። ሥራ አስኪያጁ «እናየዋለን» ከማለት አላለፈም።

በበዓሉ ቀን አጣቢዎቹን አዲስ የደንብ ልብስ አልብሰው ግድግዳ ሥር አሰለፏቸው። ሽቦ መድረክ ላይ ወጣና ያንኑ ዘፈን ጀመረ። ዜማው ያው ነው። ግጥሙ ግን «አንሶላችን ነጭ ነው፣ እጃችን ንጹሕ ነው፣ ኑ እኛ ቤት እረፉ» ሆኗል። ተኳሿ አፏ መረራት። የሌላ ሰው ፀጉር ከምግቧ ውስጥ ያገኘች ያህል ዘገነናት።

ሽቦ ሲጨርስ በኮሪደሩ አገኛትና፣ ሳታመልጠው ጉንጯን ሳማት። እሷም እዚያው ፊት ለፊቱ ጉንጯን በሽርጧ ጠረገች።

«ምነው እህቴ?»

«ግጥሙን ማን ለወጠው?»

«እነሱ ናቸው። እኔ አፌን ብቻ ነው ያዋስኩት።»

«አፍ እንደ ድስት ይዋሳል እንዴ? ታጥቦስ ይመለሳል?»

«አታካብጂው፤ ዘፈን እኮ ነው።»

«እኔን የሚሸተኝን ነው የሸጥከው» ብላው ሄደች። ቤት ገብታ እስኪቀላ ድረስ ጉንጯን በሳሙና ስታሽ ባሏ ፎጣ አቀበላት።

በማግስቱ መስኮቱ ሳይከፈት ወደ ምድር ቤቱ አልወርድም አለች። ሌሎቹም ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጡ። ሆቴሉ በእንግዳ ተሞልቶ የሚነጠፍ አንሶላ ሲጠፋ፣ ለወራት «እናየዋለን» የተባለው መስኮት በዚያው ቀን ተከፈተ። የሽቦን ካሴቶች ግን ከሳጥኑ ለቅማ ጣለቻቸው። ድምፁን ሬዲዮ ላይ ከሰማች ዛሬም ፊቷን ታጨማድዳለች።

ሙዚቃውን አልተወችም። ባለፈው ቅዳሜ ከበሮ መቺው የሚያሠለጥነውን የሴቶች ባንድ ልትሰማ ወደ አንድ ጎማ መጠገኛ ሄዳ ነበር። ጊታሩ አልተቃኘም፤ ዘፋኟም ከከበሮው ትቀድማለች።

«እንዴት ነበርን?» አለቻት ዘፋኟ ላቧን እየጠረገች።

«ታስጠላላችሁ» አለቻት ተኳሿ። «ቀጣዩ መቼ ነው?»