አሥራ ሰባተኛው ብልቃጥ

ሚሊ ነበር የምንለው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም የሚኖረው በደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። በማዕከላችን የብረት ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ሲቆርጥና ሲበይድ ኖሯል። ሌላው ሰው «በቃ፣ ገጥሟል» ሲል እሱ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሁለት ሚሊ ይቀረዋል» ይላል። ሲለካ በእርግጥ ሁለት ሚሊ ይቀረዋል። አንድ ጊዜ ሚስት አግብቶ ነበር። «ሶፋ በሜትር እየለካ ከሚያስቀምጥ ሰው ጋር አልኖርም» ብላው ሄደች። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው።

ማዕከሉ በአንድ ረጅም ኮሪደር ላይ የተደረደሩ ሦስት የምርምር ክፍሎች አሉት። በር ላይ የተጻፈው የእርሻ መሣሪያ፣ የመዋቢያ ቅባትና የባህል መድኃኒት ነው፤ ሠራተኛው ግን ብረት ቤት፣ ቅባት ቤት፣ ቅጠል ቤት ይላቸዋል። እኔ የሦስቱንም ቁጥር የምሠራ ሰው ነበርኩ። መካኒኩ፣ ቀማሚዋና ሐኪሟ ያገኙትን ይዘው ይመጣሉ፤ እውነት ይሁን አጋጣሚ የምለየው እኔ ነኝ። ያኔ ይህ ንጹሕ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ሚሊን ለማወቅ የመውቂያውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ለትንሽ ገበሬ የሚሆን የእህል መውቂያ ማሽን ሦስት ዓመት ለፍቶ ሠራ። የከበሮውን ጥርሶች አንድ በአንድ የበየደው እሱ ነው። በሙከራው ቀን ገለባው ውስጥ ሳይወቃ የቀረው እህል ተለቅሞ ይመዘናል፤ እህሉ ከበዛ ማሽኑ ወደቀ ማለት ነው። የብረት ቤቱ ኃላፊ ኢንጂነር ከሚዛኑ በፊት ከገለባው አንድ እፍኝ ዘግኖ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። እንግዶች ቆመዋል። ሚሊ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ኢንጂነር፣ ኪስዎ ውስጥ ያለውንም ይመዝኑት እንጂ» አለ።

ማሽኑ ወደቀ። የገዛ ማሽኑ!

«የገዛ ልጁን በፖሊስ የሚያስይዝ አባት ሰምቼ አላውቅም ነበር» አለው በዚያ ቀን ጓንት። ጓንት የሥራ ጓደኛው ነው፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ጓንቱን ስለማያወልቅ ነው እንዲህ የተባለው።

«ልጄ ስለሆነ ነው» አለ ሚሊ። «ሁለተኛው ያልፋል።» በማግስቱም የሁለተኛውን መውቂያ ከበሮ መቁረጥ ጀመረ።

እናቱ የተቃጠለ ሰው ያክማሉ። ከጓሯቸው ወፍራም ቅጠል ቆርጠው፣ ወቅጠው፣ በዓይናቸው ገምተው ከሌላ ነገር ጋር ይለውሳሉ። የሰፈሩ ሰው ሲቃጠል ይመጣል፤ ሲድን ደግሞ «ያቺ ቅጠል በጣሽ» ይላቸዋል። ይህ ስድብ ልጃቸው ዘንድ ሥራ ቦታው ድረስ ነው የመጣው። «እናት ትበጥሳለች፣ ልጅ ይበይዳል» እያለ ይስቅበት ነበር ጓንት። ሚሊ ከሁሉም ጋር ይስቃል፤ በዚህ ግን ስቆ አያውቅም። አንድ ቀን ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቅጠል ቤት ገባና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «ይመዘን» አለ።

ምርምሩ ሰው ላይ ለመሞከር እስኪበቃ አምስት ዓመት ፈጀ። የቅጠል ቤቷ ኃላፊ፣ እኛ ዶክተሯ የምንላት፣ ሥራዋን የምታከብር ሴት ናት። ሃያ አራት የተቃጠሉ ሰዎች ከክሊኒኩ ይገባሉ። ግማሾቹ ቅጠሉ ያለበትን፣ ግማሾቹ ባዶ ቅባት ይቀባሉ። በመልክም በጠረንም እንዳይለዩ ቅባት ቤት ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለምና ሽቶ አበጀላቸው። ነጫጭ ብልቃጦች፣ በላያቸው ቁጥር ብቻ። የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ዶክተሯም አታውቅም። ድልድሉ ያለው እኔ ቢሮ፣ በብረት መሳቢያ ውስጥ ነው።

አሥራ ስድስት ሰዎች ከገቡ በኋላ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት የቅባት ቤት የሰም ማቅለጫ ቧንቧ ተዘጋ። ማቅለጫውን የሠራው ሚሊ ስለሆነ ተጠራ። «ይቀዝቅዝና ልፍታው» አለ።

«ከቀዘቀዘማ ቀኑ ባከነ!» አለች የቅባት ቤቷ ኃላፊ። «ላንተ ምን አላት? ላላ አድርጋት ብቻ።»

ሚሊ እጁ ላይ ጓንት አላጠለቀም። እጁ ከተሸፈነ ሚሊሜትሩ እንደማይሰማው ሁልጊዜ ይናገር ነበር። ቧንቧው በአንዴ ለቀቀ፤ የፈላው ሰም ቀኝ እጁን እስከ አንጓው አለበሰው። ውኃ ቢሆን ፈስሶ ይሄዳል። ሰም ግን ያዝ አድርጎ እዚያው ያበስላል።

ክሊኒክ ስንደርስ ዶክተሯ ከኋላችን መጣች። «የኔ ወንድም፣ እዚህ ምርምር ውስጥ መግባት ግዴታህ አይደለም። ቤትህ ቅጠሉ አለ፣ እናትህ አሉ» አለችው። ሐቀኛ ነበረች።

ፊቱ አመድ መስሎ ፈገግ አለ። «ዶክተር፣ አምስት ዓመት የጠበቅኩት ይኼንን አይደል እንዴ? ቃጠሎው ራሱ በእግሩ መጣ።» በግራ እጁ ፈረመ። አርባ ቀን ከተሰጠው ብልቃጥ በቀር ቁስሉን ምንም ላያስነካ ቃል ገባ።

ተራው አሥራ ሰባት ነበር። መሳቢያውን መክፈት አላስፈለገኝም፤ የደለደልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ባዶ ቅባት ነው።

በዘጠነኛው ቀን ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። እናቱ ሻይ አቀረቡልኝና ብልቃጡን አንስተው ከፈቱት። አሸተቱት። በሁለት ጣታቸው አሹት። ከዚያ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አደረጉት።

«ይኼ የእኔ አይደለም።»

«ሽቶ ገብቶበት ነው እማዬ።»

«ሽቶ ስላለበሱት የማላውቀው መሰለህ? የእኔ ቅባት ምላስ ይቆነጥጣል። ይኼ ሞራ ነው።»

ሚሊ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሻይ ብርጭቆው አየሁ።

ለካስ ወቅጠው፣ ለውሰው፣ በጎድጓዳ ሳህን አዘጋጅተው ኖሯል። አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። «እጅህን አምጣ ልጄ።»

«አይሆንም።»

«ይሸታል እኮ! እኔ ሽታውን አውቀዋለሁ፣ እየሄደብህ ነው። አምጣ አልኩህ።»

«እማዬ፣ ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለብልቃጥ?» እጁን ያዙት።

መንጭቆ ነጠቃቸው፤ ሕመሙ ሳይሆን አይቀርም እንደዚያ ያስጮኸው። «አንቺ ብትቀቢኝ ምንም አይመሰክርም! ስንቱን ቀባሽ? ስንቱ ዳነ? ማን መሰከረልሽ? ቅጠል በጣሽ ነው ያሉሽ! እነሱ ሲቀቡኝ ነው መድኃኒት የሚሆነው!»

እናቱ ሳህኑን ይዘው ተነሡ። ጓሮ ወጥተው ከቅጠሉ ሥር ደፉትና ሳህኑን ሲያጥቡ ሰማኋቸው። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «ሻይዎ ቀዘቀዘ፣ ልቀይርልዎት» አሉኝ።

ሲሸኘኝ በር ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ እውነቷን ነው?»

«አላውቅም ልልህ አልችልም። ልነግርህም አልችልም።»

አንገቱን ነቀነቀ። «ጥሩ። ቢነግሩኝ ኖሮ እንቀያየም ነበር።»

እውነትን የሚወድ ሰው በዕድሜዬ አይቻለሁ። እውነት መልሳ የወደደችው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

በሃያኛው ቀን እጁ አበጠ። ክሊኒኩ መመርቀዙን የሚከላከል የሚዋጥ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ በዚያ ላይ ያንኑ ሞራ ይቀባል። ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ። «ሚሊን አስወጪው» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ይኼን የምትለው እጁን አይተህ ነው ወይስ ቁጥሩን?»

ቁጥሩን ካልኩ አምስት ዓመቱ ገደል ገባ። እጁን ካልኩ ዋሸሁ።

«ሁለት ሰው ወጥቶብናል» አለች በዝግታ። «ሦስተኛ ከወጣ ሥራው ከንቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ራሱን ጠይቄዋለሁ፤ ‹እናቴን ሜዳ ላይ ጥዬ አልወጣም› አለኝ።»

ወጣሁ። የመሳቢያው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ቃሉን ሳልናገር ሃያ ቀን ሠራሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።

አርባው ቀን ሲሞላ ቁስሉ ተዘግቷል። ቆዳው ግን ተኮማትሮ ሦስት ጣቶቹን ወደ መዳፉ ጎትቷቸዋል፤ እንደተጨበጠ የቀረ እጅ ሆነ። የመውቂያው ከበሮ ብረት ቤት መሃል ጥርሱ ሳያልቅ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። በሽቦ የብየዳውን መያዣ ከእጁ ጋር ያሰረለት ጓንት ነው። ሚሊ መነጽሩን አደረገና አንድ ጥርስ በየደ። ብየዳው እንደ ትል ተጠማዞ ሄደ። ጓንት ጎንበስ ብሎ አየውና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ፣ «ሁለት ሚሊ ብትስት ነው» አለ።

ሚሊ በግራ እጁ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን አነሣ። ለካ። «አሥራ አንድ» አለና ሽቦውን በጥርሱ ፈታ።

ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ቡሎንና ፍሬ እየቆጠረ ይሰጣል። መውቂያውን ሌላ በያጅ ጨረሰው፤ በሙከራው ቀን ማንም ኪስ ውስጥ ያለው ይመዘን አላለም፤ አለፈ።

የሁሉም አርባ ቀን ሲያበቃ ድልድሉን ከፍቼ ቁጥሩን ስሠራ ቅጠሉ ይፈውሳል። ልዩነቱ አጋጣሚ አይደለም የሚያሰኘውን መስመር አልፏል፤ ያለፈው ግን በጠባብ ነው። አሥራ ሰባትን አውጥቼ ደግሜ ሠራሁት፤ አያልፍም። መልሼ አስገባሁት፤ ያልፋል። የዚያን ቀን ያን ያህል ጊዜ ሳወጣና ሳስገባው ምን እንደፈለግሁ አሁንም አላውቅም።

ለሚሊ ራሴ ነገርኩት፤ ግምጃ ቤት፣ ቡሎን መደርደሪያው መሃል ቆመን። ባዶው የእሱ እንደነበረ ነገርኩት።

«እኔ ባልኖርስ?»

«መስመሩን አያልፍም ነበር።»

ሳቀ። የሚያስፈራ ሳቅ አልነበረም፤ ልክ የሆነ ነገር ሲገጥምለት የሚስቀው ሳቅ ነው። «እንግዲያው ጥሩ ሠርቻለሁ» አለ። «ጋሼ፣ እሑድ ይምጡና ወረቀቱን ያንብቡላት። ከእኔ አፍ ሳይሆን ከእርስዎ ትስማው።»

እሑድ ሄድኩ። ቅባት ቤት ከወዲሁ ከቅጠሉ የእጅ ክሬም አውጥቷል፤ ካርቶኑ ላይ ለስላሳ የሴት እጅ ተሥሏል። አንዱን ለእናቱ ይዤላቸው ነበር። ወረቀቱን አነበብኩ፤ ቅጠሉ መድኃኒት መሆኑ መረጋገጡን፣ የተገኘውም ከእሳቸው መሆኑን። ሚሊ በር ላይ ቆሞ ፊታቸውን ይጠብቃል። አምስት ዓመት የጠበቀው ያን ፊት ነው።

እናቱ ምስር እየለቀሙ ነበር። «የእሱ ብልቃጥ ምን ነበረ?» አሉ።

«ባዶ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለይተው ጣሉ።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤታቸው እየሮጠች የገባችው። የፈላ ውኃ ክንዷ ላይ ተደፍቶባት ቆዳው ተልጧል። «እትዬ፣ ድረሱልኝ! ተቃጠልኩ!»

እናቱ ከምስሩ ቀና አላሉም። «ማዕከል ሂጂ።»

«እትዬ!»

«እኔ ብቀባሽ ምንም አይመሰክርም። እነሱ ሲቀቡሽ ነው መድኃኒት የሚሆነው።» በጸጥታ ነው ያሉት፤ ከልጃቸው ቃል አንድም አልሳቱም።

ሴትዮዋ ክንዷን ታቅፋ ታለቅሳለች። ሚሊ ከበሩ ላይ ተንደርድሮ ጓሮ ወጣ። በግራ እጁ ቅጠሉን እየገነጠለ፣ በተጨበጠው እጁ ደረቱ ላይ እያቀፈ፣ ግማሹን እያንጠባጠበ ተመለሰ። ሙቀጫውን በእግሩ ስቦ ተንበረከከ። ለሃያ ሁለት ዓመት ያልለካው ነገር አልነበረም፤ ይህን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ኖሮ አንድም ቀን ቆጥሮ አያውቅም።

«እማዬ» አለ፣ እንባው እየወረደ። «ስንት ቅጠል ነው? ከምኑ ጋር? ንገሪኝ፣ ስንት ነው?»

እናቱ ሰፌዱን ነቅነቅ አደረጉ።

«ለካው» አሉት።