እናቴን ይዤ ከጠባቡ ኮልፌ ወደ ሰፊው ሰመራ

ሐሙስ ንጋት፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን እናቴን ይዤ ወደ ሰመራ ተነሣሁ። ታናሽ ወንድሜ ኑረዲን እዚያ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ሰፊ ቤት ከሠራ ወዲህ «እማዬን አምጪልኝ፣ እኔ ጋ ትኑር» እያለ ሲወተውተኝ ከርሟል። እኔ የተስማማሁት ለጥቂት ቀን ጥየቃ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር። ዕድሜዋን በኮልፌ ሰው መሃል የገፋች ሴት ያንን ጭር ያለ አገር በሁለት ቀን ጠልታ «መልሺኝ» ትለኛለች፣ የወንድሜም ጥያቄ በዚያው ይዘጋል ብዬ ነበር።

የምንኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አንዱ የእኔና የባለቤቴ ነው። በሌላው፣ አባቴ ካረፈ ጀምሮ ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት፣ እናቴ ከሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ጋር በአንድ አልጋ ትተኛለች። ግቢውን ከሌሎች አምስት ቤተሰቦች ጋር እንጋራለን። አንድም ቀን ስታማርር ሰምቻት አላውቅም።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ከዕረፍት መልስ የማስተምረው ምዕራፍ የአህጉራትን የሕዝብ ዕድገትና ጥግግት የሚያነጻጽር ስለሆነ፣ ለትምህርቱ የሚሆን ነገር ካገኘሁ ብዬ ማስታወሻ ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ረፋድ፣ ከአዳማ ወዲያ

እስከ አዳማ ድረስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቤት አልጠፋም። መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከቦ ተኝቷል። አዋሽ ላይ ምሳ በላን፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ። ከዚያ ወዲያ ቤቱም ሰዉም እየሳሳ ሄደ። ግራር፣ ግመል፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ሜዳ።

እናቴ የአውቶቡሱ መስኮት ላይ ተደግፋ «ሰዉ የት ገባ?» አለች። ቀጥላም «በዓለም ላይ ሰው የሚጠቀጠቀው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እስያ ውስጥ ነው። ባንግላዴሽ የሚባል አገር አለ፣ ገጠሩ ሳይቀር ሰው በሰው ነው። ግን እዚያው እስያ ውስጥ ሞንጎሊያ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ብትሄጂ ሰው ላታገኚ ትችያለሽ።»

«ቶሎ ቶሎ የሚጨምረውስ?»

«የእኛው አፍሪካ። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ውስጥ የሚወለደው ከሚሞተው አንሷል። ጃፓንም እንደዚያው ነው፣ ተማሪ አጥቶ የሚዘጋ ትምህርት ቤት አለ።»

«የእነዚያ አገር አሮጊቶች ታዲያ የየራሳቸው ክፍል አላቸው?» አለችኝ።

«ብዙዎቹ አላቸው። ግን ብቸኝነቱ ይከብዳቸዋል ይባላል።»

«ይባላል» አለች፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል። እኔ ደብተሬ ላይ ስለ ጃፓን ጻፍኩና ጉዳዩን በዚያው ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ሰመራ

ኑረዲን ለእናቴ ያዘጋጀላት ክፍል አልጋ፣ መስገጃና ወደ ምሥራቅ የሚከፈት መስኮት አለው። ጎረቤቱ ፋጡማ፣ የአፋር ተወላጅ ናት፣ የግመል ወተት ይዛልን መጣች። ጨዋታ ለመጀመር ያህል «አገራችሁ ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም» አልኳት።

ፈገግ አለች። «ሰው የለም ያልሽው ከብት ስለማትጠብቂ ነው። ያ ያየሽው ሜዳ ሁሉ ባለቤት አለው። ዝናብ ሲጥል እዚያ ነን፣ ሲጠፋ ወደ አዋሽ ዳር እንወርዳለን። ሣሩ ስስ ስለሆነ ለጥቂት ቤተሰብ እንኳ ያ ሁሉ አይበቃም።»

አፈርኩ። ግብፅ ትዝ አለችኝ፤ ሕዝቧ ዓባይ ዳር ተፋፍጎ እየኖረ፣ በረሃው አብሮ ስለሚቆጠር አማካይ ጥግግቷ ልከኛ ይመስላል። ለካ ለዓመታት ሳስተምር የኖርኩት ሰዉን ሳይሆን አማካዩን ነው።

ሰኞ ከሰዓት

በማግስቱ ጠዋት ስለምንመለስ የእናቴን ልብስ ላጣጥፍላት ወደ ክፍሏ ገባሁ። እጄን ያዘችኝ።

«ሰዓዳ፣ የእኔን ተዪው። እኔ አልመለስም።»

«ማን አስቀየመሽ?»

«ማንም። ልጅ ሆኜ ከስምንት እህትና ወንድም ጋር ነው የተኛሁት። ከዚያ አባትሽን አገባሁ፣ እናንተን ወለድኩ፣ ከዚያ የልጅ ልጆቼን አቀፍኩ። በር ዘግቼ ስሰግድ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የት ታስገቢኛለሽ ብዬ ነው የምነግርሽ? አንቺስ መቼ ቦታ አለሽና?»

«ብቻሽን ስትሆኚ አይጨንቅሽም?»

«ልጆቹማ አሁንም ናፍቀውኛል። ክረምት እዚህ ሙቀቱ ሲብስ እመጣለሁ። አሁን ግን ተዪኝ።»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ኑረዲን ተከትሎኝ መጣና «እኔ አልመከርኳትም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። የተቆጣሁት በእሱም በእሷም አልነበረም። ደስተኛ ናት ብዬ ለሰው ሁሉ ሳወራ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ማታ፣ ኮልፌ

ማዞሪያው ላይ ከታክሲ ወርጄ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ቤት ገባሁ። ልጆቼ በስልክ ሰምተዋል። አልጋው ላይ ግን ጥግ ጥጋቸውን ይዘው፣ የእናቴን ቦታ መሃል ላይ ባዶ ትተው ተቀምጠዋል። ትንሿ «ክረምት ስንት ወር ቀረው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳትና ሁለቱንም ወደ መሃል ጎትቼ አቀፍኳቸው።

ትምህርት ሲከፈት የዓለምን ካርታ ሰቅዬ ምዕራፉን ጀመርኩ። እስያን፣ አውሮፓን፣ አፍሪካን ካነጻጸርን በኋላ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የቱ ይሻላል? ተጠጋግቶ መኖር ነው ተራርቆ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ መሬት፣ ስለ ውሃና ስለ ሥራ ዕድል ዘርዝሬ አልፋት ነበር።

«እዚያ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ነው» አልኳት። «እኔ እናቴን አሥራ ሁለት ዓመት ሳልጠይቃት አብሬያት ኖሬያለሁ።»