ታጥቦ የመጣው የበግ ጸጉር

የመመረቂያ ጥናቴ በመንዝ በግ ጸጉር ላይ ነው። ጸጉር ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ያንን ሁሉ ብርድ እንዴት እንደሚችለው ለማወቅ፣ የሚያበራ ቀለም አጣብቄበት ብርሃኑን በመሣሪያ አነባለሁ። ይህን ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት፣ ቀለሙ ሲታጠብ ይለቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን ጸጉር ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

የቤታችንን አሮጊት ነጭ በግ ጸጉር ምንም ሳትነካው፣ እንዳለ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ስንቱን ክረምት ሳል እንኳ ሳይዛት የከረመች እሷ ብቻ ነበረች። ከመሐል ሜዳ በሚነሳ ሚኒባስ ላከችልኝ። ፌስታሉን ስፈታው የዱቄት ሳሙና ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ደወልኩላት። ወንዝ ወርዳ፣ ደጋግማ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታው ኖሯል።

"ጭቃና በጠጥ ያለበትን ጸጉር ዩኒቨርሲቲ ድረስ ልኬ፣ የማን ልጅ ልትባይ ነው?" አለችኝ።

በእኛ አገር ለሰው የሚላክ ነገር ታጥቦ ነው የሚላከው፤ ቆሻሻ የላከች ሴት እስከ ልጅ ልጇ ትታማለች። ሌላ ላኪልኝ እንዳልላት፣ በጓ ለፋሲካ ታርዳ ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ለካ ዱቄት ሳሙና ልብስ የሚያነጣው፣ ራሱ የሚያበራ ነገር ስላለበት ነው። ጸጉሩ መሣሪያው ውስጥ እንደ ሚዜ ሸሚዝ በዳንስ መብራት ቦግ አለ፤ የእኔ ቀለም የት እንደገባ አይታወቅም። አማካሪዬ አዩትና ንጹሕ ናሙና ፈልጌ እንደገና እንድጀምር ነገሩኝ። ምረቃዬ በዓመት ሊዘገይ ነው ማለት ነው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀለሙን ቀየርኩ። ብርሃኑ ቶሎ የማይጠፋ ቀለም አለ፤ ሌላው ብልጭ ብሎ ሲያልቅ እሱ ይቆያል። ይቆያል ስል የሰከንድ ሽራፊ ነው፤ ለሳሙናው ግን እሱም ዘመን ነው። መሣሪያው መብራቱን አጥፍቶ ጥቂት ይታገሣል፤ የሳሙናው ብርሃን ሲያልቅ የቀረውን ያነባል። የቀረው የእኔ ነበር። አማካሪዬ ውጤቱን አይተው "ጻፊው" ብለው ወጡ፤ ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው።

ጽሑፉ ላይ ግን ናሙናው ተበክሎ ነበር ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ። እምቢ አልኩ። መምህር ፊት ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እናቴ እጇ እስኪላጥ ያሸችውን ጸጉር ብክለት ብሎ መጻፍ አንገበገበኝ። በመጨረሻ "ናሙናው ከመላኩ በፊት በሳሙና ታጥቧል" በሚለው ተስማማን።

ማታ ለእናቴ ደውዬ ዐረፍተ ነገሩን አነበብኩላት። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩላት።

"ማን እንዳጠበው አልጻፍሽም?"

ጽሑፉን ገና አላስገባሁም ነበር። ፋይሉን መልሼ ከፈትኩት።