የአባቴ አርባ ሳንቲሞች

አባቴ አዋሽ ከተማ የብር ጌጥ ሠሪ ነው። አዲስ እየሠራ ለሰርገኛ ይሸጣል፣ አሮጌ ደግሞ ከሴቶች ይገዛል። ሁሉንም የሚመዝነው በባለ አንድ ብር ሳንቲም ነው፦ በአንዱ የሚዛን ሳህን ጌጡ፣ በሌላው ሳንቲሙ ይቀመጣል። አምባሩ አሥር ሳንቲም ይወጣል፣ ድሪው ሠላሳ። ሳንቲም ከማንም ኪስ ስለማይጠፋ ደንበኛው ሁሉ ያምነዋል። «ዲጂታል ሚዛን ግዛ» ስለው «በዚህ ሙቀት እንኳን ባትሪ ሰውም ያብዳል» ይለኛል።

አምና ለእረፍት ከሰመራ እንደመጣሁ፣ አንዲት የገዋኔ እናት ድሪዋን ልትሸጥ ሱቁ ገባች። ሎጊያ ላይ አስመዝናው አርባ ሳንቲም ወጥቶ ነበር። የአባቴ ሚዛን ግን ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቀጥ አለ። ደግሞ መዘነ፤ ያው ሠላሳ ዘጠኝ።

«ወላሂ፣ አንዷ የት ገባች?» አለች፣ ከሱቁ ጎን ባለው ጋራዥ ውስጥ ያሉት ሹፌሮች እስኪሰሙ ድረስ። «ሚዛንህ ሰው ይበላል!»

ድሪዋን አንገቷ ላይ መልሳ ወጣች። አባቴ በማግስቱ ሱቁን አልከፈተም፤ በሦስተኛውም ቀን አልከፈተም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እሱ አያጭበረብርም» ሲባል የኖረ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ዋለ። እኔ ንዴታም ነኝ፣ አልክድም። ሰመራ የምማረው ኬሚስትሪ፣ ቤተ ሙከራችን ውስጥ ደግሞ ትንፋሽ እንዳያናውጠው በመስታወት የተከለለ ሚዛን አለ። «ሳንቲሞቹን ስጠኝ፣ ስምህን ይዤልህ እመለሳለሁ» አልኩት። አርባውንም በመሐረብ ቋጥሮ ሰጠኝ።

ሰመራ እንደወረድኩ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ቤተ ሙከራ ገባሁ። የመጀመሪያውን ሳንቲም አስቀመጥኩ፤ ለባለ አንድ ብር ከተወሰነው ክብደት በለጠ። ሁለተኛውም በለጠ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ገባኝ፤ ሴትዮዋ ልክ ነበረች። ሳንቲሞቹ ከከበዱ እነሱን የሚያነሳ ብዙ ጌጥ ያስፈልጋል፣ የእሷ ድሪ ደግሞ አንሶ ይታያል። አባቴን ላድን መጥቼ ማስረጃ ልሆንበት ነው!

ቆሻሻ ይሆናል ብዬ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አሸኋቸው። በቢጫው መሃልና በነጩ ቀለበት መካከል ካለችው ስንጥቅ የጋራዥ ግራሶ ወጣ፤ ውሃው ጠቆረ። አድርቄ ስመዝን ቀነሱ፤ ግን በጥቂቱ ብቻ። አርባውም አሁንም ከልኩ በላይ ናቸው።

እንግዲህ ሳንቲም የሚሠራው ፋብሪካ ሁሉንም አክብዶ ይሆን? ሮጬ ወጣሁና ከዱብቲ ሚኒባስ ረዳት ሃያ ሳንቲም መነዘርኩ። «ምን ሊያደርግልሽ ነው?» አለኝ፤ «ልመዝነው!» ስለው ሙቀቱ መትቷት ነው ብሎ ውሃ ሊሰጠኝ ምንም አልቀረው። እነሱንም አጥቤ መዘንኩ። አንዱ ከልኩ በጥቂቱ ያልፋል፣ አንዱ በጥቂቱ ይጎድላል፣ አብዛኛው ልኩ አካባቢ ነው። ማሽን ሲቆርጥ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ማለቱ አይቀርም፤ ሲዘዋወር የሚያልቀውም አለ። ታዲያ የአባቴ አርባ ሳንቲሞች እንዴት አንድም ቀላል ሳይገባባቸው ቀረ? አርባ ሰው ተሰልፎ ሁሉም ረጅም ከሆነ፣ የመረጣቸው ሰው አለ ማለት ነው።

ደወልኩለት። «አባዬ፣ ሳንቲሞቹን ከየት አመጣሃቸው?»

«ከዝርዝር ነዋ!» አለ፣ ደረቱን የነፋ መሰለኝ። «በየጊዜው ሁለት ሁለቱን ሚዛን ላይ አጋጥማለሁ። የቀለለውን ለሻይ አወጣለሁ፣ የከበደውን አስቀራለሁ። የሰው ሐቅ እንዳላጎድል ብዬ።»

«አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። አባቴ ሌባ አይደለም! ለሚገዛው ሰው ሞልቶ እንዲደርሰው ብሎ ለዓመታት ከባድ ከባዱን ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። በደስታ እየተንተባተብኩ አስረዳሁት፦ በከባድ ሳንቲም ስትሸጥ ገዢው ትርፍ ያገኛል፣ ስትገዛ ግን ሻጩ ይጎድልበታል። እሱ የሚሸጠውን ብቻ ነበር ያሰበው።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ሴትዮዋን ፈልጊልኝ» አለ።

አዋሽ ተመለስኩና ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘናት። አባቴ ይዟት መጥቶ፣ እነዚያው ሹፌሮች በተቀመጡበት ጋራዥ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልክ ነበርሽ፤ አርባ ነው» አላት። ሁሉንም ነገራት። ትንሽ አሰበችና ሳቀች።

«ልጄን ስድር አምባሩን ከአንተ ነው የገዛሁት። ታዲያ እሱ ላይ ጨምረህልኛል ማለት ነው! እንግዲህ ተካካስን።»

ሹፌሮቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ስሙ ተመለሰ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። አባቴ ግን አልሳቀም።

«አንቺ ከኔ ገዝተሻል» አላት። «የሸጡልኝ አብዛኞቹ ከኔ ገዝተው አያውቁም። ከኔ የሚገዛው ሰርግ ያለው ነው። የሚሸጥልኝ ከብቱ ያለቀበት፣ ልጁ ዱብቲ ሆስፒታል የተኛበት ነው። እኔ ለደስተኛው እየጨመርኩ ከቸገረው ስቀንስ ኖሬያለሁ።»