በረት ውስጥ የተጀመረችው ቤተክርስቲያን

መቀሌ አጠገብ ካለችው ቁሓ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር መንደር የባለቤቴ ቤተሰቦች የሚያመልኩባት ትንሽ የሉተራን ቤተክርስቲያን አለች። የመሠረቷት ከኖርዌይ መጥተው እዚያው ጎጆ የቀለሱ ባልና ሚስት ናቸው። እኔ ያደግሁት ኦርቶዶክስ ቤት ነው። ግን መቀሌ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁና የምሥረታው በዓል ሲቃረብ ቄሱ ጠሩኝ።

«ታሪካችንን አንቺ ጻፊልን። ከሌላ ክልል የሚመጡ እንግዶች ስላሉ በአማርኛ ይሁን» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመቀሌው ሓድነት ሰፈር ሚኒባስ ይዤ ወደ አማቼ፣ ወደ ባለቤቴ አባት ቤት ሄድኩ። የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው፤ ታሪኩን እንደ እሳቸው የሚያውቅ የለም ይባላል። ገና በደንብ ሳልቀመጥ ጀመሩልኝ።

«ሜዳው ላይ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተከሉ። የመጀመሪያው ጸሎት እዚያ ተደረገ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ፣ በሥርዓት...»

ታላቅ እህታቸው ጥግ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ሳይሉ «በረት ውስጥ ነው» አሉ።

«ምን አልሽ?»

«የእናታችን በረት ውስጥ ነው። ድንኳኑንማ ሳይዘምሩበት ነፋስ ገለበጠው። ፈረንጁ ከሥሩ እየዳኸ ሲወጣ ይስቅ ነበር። ወዲያው ዝናብ መጣ። እናታችን ግቡ አለቻቸውና ከፍየሎቹ ጋር ተጋፍተን ገባን።»

«እኔ ድንኳኑን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አንተ ጀርባዬ ላይ ታዝለህ እንቅልፍህን ትለጥጥ ነበር።»

ሳቄን ለመደበቅ አቀረቀርኩ። አማቼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ በእንግዳ ፊት የቤተክርስቲያናችን ታሪክ ከበረት ይጀምራል ልትዪ ነው?»

«ጌታስ የት ተወለደ?» አሉ እህታቸው በእኔ ፈንታ።

እኔ ማንንም ላለማስቀየም ብዬ ሁለቱንም ጻፍኩ።

በበዓሉ ቀን የመሥራቾቹ ልጅ ከኖርዌይ መጡ። ጠጉራቸው የነጣ፣ ረጅም ሴት ናቸው። ከመኪና ሲወርዱ «ከመይ ቀኒኹም» ብለው በጥንት ሰው ትግርኛ ሰላምታ ሲሰጡ ሰው ሁሉ እልል አለ። ጽሑፌን ሳነብ ድንኳንና በረት ላይ ስደርስ ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። እንግዳዋ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ።

«ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ድንኳኑን አላስታውስም» አሉ። «በረቱን ግን አስታውሳለሁ፤ ፍየል ባርኔጣዬን በልታብኝ ሳለቅስ አንዲት ሕፃን ያዘለች ልጅ ቆሎ ሰጥታ አባብላኛለች።»

የአማቼ እህት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ሲላቀሱ አማቼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ቆሙ።

«ሕፃኑ ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ፤ በኩራት።

ቤተክርስቲያኗ በሳቅ ተሞላች። ከዚያ ወዲያ ስለ ድንኳን ያነሣ ሰው የለም።

ከምሳ በኋላ ሦስቱ ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። እንግዳዋ፣ እናታቸው ያኔ ለመንደሩ ያስተማሩትን መዝሙር ጀመሩ፤ ወንድምና እህት ተቀበሏቸው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቃል ይዘው ሄዱ፤ አንዳቸውም አላቆሙም።